በክሪኬት የተላኩ ሽማግሌዎች

ጡረታ የሚወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወታደር ይወጣል፣ አስተማሪ ይወጣል፣ የማዘጋጃ ቤት ዘበኛም ዕድሜ ከሰጠው ይወጣል። ሰው ከጨዋታ ጡረታ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል? ጨዋታ እኮ ነው! ሲደክምህ ቁጭ ትላለህ፣ አለቀ። ለካ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ይህን የተማርኩት እዚሁ ኦክላንድ፣ ከጎረቤቴ ከጋሼ ተሰማ ነው። ተማርኩ ስል ትምህርት ቤት ገብቼ እንዳይመስላችሁ። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም። የወጥ ቤቴ መስኮት ግን የአፓርትመንታችንን ፓርኪንግ ፊት ለፊት ያያል። እሱ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ አይተናነስም።

እዚህ ቤት የገባሁ ሰሞን ነው። እሁድ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ስወጣ ጋሼ ተሰማም ነጭ በነጭ ለብሰው ሲወጡ አየኋቸው። ነጭ ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ጫማ። ደስ አለኝ። እንዴት ያለ ክርስቲያን ጎረቤት ሰጠኝ አልኩ። እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስታጠፍ ግን እሳቸው በዳትሰን መኪናቸው ወደ ፍሪዌዩ ታጠፉ። የሚቀጥለውም እሁድ እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ አላስቻለኝም። ባለቤታቸውን ብርቅነሽን ያዝኩና፣ "ጋሼ የሚስሙት የት ደብር ነው?" አልኳት። ከት ብላ ሳቀች።

"ደብሩ ሳን ሆዜ ነው፤ ታቦቱ ኳስ ነው" አለችኝ።

እግዜር ይቅር ይበላትና እውነቷን ነው። የጋሼ አባት የመን አገር፣ ኤደን ከተማ ለእንግሊዞች ምግብ አብሳይ ነበሩ አሉ። ጋሼ ያደጉት እዚያ ወደብ ዳር ከህንድ ልጆች ጋር ክሪኬት ሲጫወቱ ነው። አዲስ አበባ ሲመለሱም ክሪኬት የሚጫወቱ የህንድ አስተማሪዎች ፈልገው አገኙ። ሰው ወደ ሱዳን ሲሰደድ ወርቁን መቀነቱ ውስጥ ይደብቃል፤ እሳቸው የደበቁት ኳስ ነው። ይህንንም ብርቅነሽ ናት የነገረችኝ፣ እስካሁን እንደተናደደች።

ክሪኬት ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ፣ እኔም በኋላ ነው የገባኝ። ሦስት እንጨት መሬት ላይ ይተከላል። አንዱ ሰውዬ ጠፍጣፋ ዱላ ይዞ እንጨቱ ፊት ይቆማል። ሌላው ከሩቅ ሮጦ መጥቶ ኳስ ይወረውራል። ሐሳቡ እንጨቱን መምታት ነው። ባለ ዱላው ይከላከላል፤ ከቻለ ኳሷን አርቆ ይመታና ይሮጣል፤ በሮጠ ቁጥር ነጥብ ይያዝለታል። እንጨቱ ከተመታ፣ ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች ወጥቶ ለሌላው ይለቃል። ይኸው ነው። ለዚህ ቀኑን ሙሉ ይፈጃሉ። መሀል ላይ ሻይ ይጠጣሉ። እኛስ የገና ጨዋታ አለን አይደል? የኛው ግን ጥርስ ይሰበርበታል እንጂ ሻይ የለበትም።

ዕድሜያቸው ስንት ነው ብትሉኝ፣ ይህ ጥያቄ ሦስት መልስ አለው። ወረቀታቸው ሃምሳ አንድ ይላል፤ ሱዳን ፎርም የሞላላቸው ሰው ፊታቸውን አይቶ የገመተው ነው። ብርቅነሽ ሃምሳ ዘጠኝ ትላለች። ጉልበታቸው ቢጠየቅ ሰማንያ ይላል። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ደረጃውን ሲወርዱ መስማት ነው። አንድ እግር፣ ዕረፍት። አንድ እግር፣ ዕረፍት። ሥራቸው ዳውንታውን ነው፣ አንድ ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ይቀበላሉ። ደግነቱ ተቀምጠው ነው።

ከጉልበታቸው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ዓይናቸው ነው። አንድ ቀን በመስኮቴ ሳይ፣ ጋሼ ቁልፍ ይዘው የመኪና በር ይታገላሉ። ይገፋሉ፣ ይስባሉ፣ ይረግማሉ። መኪናው የፊሊፒኖው ጎረቤታችን ነው። የሳቸው ዳትሰን አጠገቡ ቆማ ታያቸዋለች። እንግዲህ ፍረዱ። ቆሞ የሚጠብቅን መኪና ያልለየ ዓይን፣ እየበረረ የሚመጣ ኳስ እንዴት ይለያል?

ይህን ያሰብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ባለፈው መስከረም፣ አንድ ሰኞ ቀን ጋሼ ሥራ ላይ እያሉ፣ አንድ ቀጭን ወጣት ብርቅነሽ በር ላይ ቆመ። አበባ ይዟል። አበባ የያዘ ወጣት፣ ባል በሌለበት! እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ብቻ እዚያ ስደርስ የቆሻሻ ከረጢት ይዤ ነበር።

ለካ የጋሼ ቡድን ካፒቴን ነው። ሱሬሽ ይባላል። ህንድ ነው፣ ሳን ሆዜ ኮምፒውተር ቤት ኢንጂነር ነው፣ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ብርቅነሽን "አንቲ፣ አንቲ" እያለ ጫማውን አውልቆ ገባ። ሻይ ቢሰጡት መጠጣት አቃተው። የመጣበት ነገር እንዲህ ነው፦ የፊታችን እሁድ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ከጨዋታው በኋላ ሻይ አለ። ሻዩ ላይ ካፒቴኑ የሚቀጥለውን ዓመት ተጫዋቾች ስም ያነባል። የጋሼ ተሰማ ስም ግን ሊኖር አይችልም። የሚጥሉት ኳስ በዛ። ሌላ ቀርቶ የተወረወረላቸውን ሳያዩ "ማን ያዘው?" ብለው የጠየቁበት ቀን አለ።

"አንክል ራሳቸው ተነሥተው በቃኝ ቢሉ፣ ሁላችንም ቆመን እናጨበጭባለን" አለ ልጁ። "ካላሉ ግን ስም ሳነብ ስማቸው ይዘለላል። በአባቴ ዕድሜ ላለ ሰው ይህን ነገር እኔ አልናገርም። እባክዎ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ።"

አንጀቴን በላኝ። ደህና ያሳደጉት ልጅ ነው።

ልጁ ሲሄድ ብርቅነሽ አበባውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከተተችና ተቀመጠች። "እኔ ብነግረው አይሰማኝም" አለች። "ለጉልበቴ አዝና ነው አይልም። ሱሪ ማጠብ ሰልችቷት ነው ነው የሚለው።"

"አልሰለቸሽም?"

"በጣም ሰልችቶኛል። እሱ ግን ሌላ ነገር ነው።"

እኛ እኮ ያረጀን ሰው "ተው" የምንልበት አፍ አልፈጠረብንም። "ካረጁ አይበጁ" የሚል ተረት አለን፤ የምንተርተው ግን ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው። ልጅ ሆኜ ጉለሌ ሰፈራችን እማማ ደብሪቱ የሚባሉ አልቃሽ ነበሩ። እሳቸው ያልገጠሙበት ለቅሶ፣ ለቅሶ አይባልም። ታዲያ አረጁና ስም መዘንጋት ጀመሩ። አቶ ማሞ የሞቱ ቀን መሀል ገብተው ደረታቸውን እየደቁ የአቶ በላይን ጀግንነት ይደረድሩ ጀመር። አቶ በላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው እዚያው ለቀስተኛው መሀል ቆመዋል! ማን ይናገር? ማንም። እንዲያውም አቶ በላይ ከሁሉ ብሰው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ኋላ ሲጠየቁ፣ "እኔ ስሞት ደብሪቱ አትደርስልኝም፤ በቁሜ ልስማው ብዬ ነው" አሉ ይባላል።

አሜሪካኖቹ ደግሞ ሌላ ናቸው። ሳያፍሩ ይናገራሉ። ኬክ ይቆርሱልሃል፣ ሰዓት ይሸልሙሃል፣ በሩን ያሳዩሃል። የምሠራበት ነርሲንግ ሆም ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ሪታየር ያደረጉ ሰውዬ አሉ። ጠዋት አልጋቸውን ሳነጥፍ ወንበራቸው ላይ መሪ እንደያዘ ሰው እጃቸውን ዘርግተው፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ ይሉኛል። ጠጋ እላለሁ። አንዳንዴም የምወርድበትን እነግራቸዋለሁ። አሁን እኚህ ሰውዬ ጡረታ ወጥተዋል ይባላል?

ብቻ ለብርቅነሽ መላ አመጣሁላት። አፍ የሌለው ነገር በሽማግሌ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ፣ ልጅ ሲዳር ሽማግሌ፣ በኳስስ ለምን አይሆንም? በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ስልኬን ያዝኩና ሦስት ሰው ሰበሰብኩ። መሪው አቦይ ገብረመድኅን ናቸው፤ የአስመራ ሰው፣ ድሮ አሜሪካኖች ጦር ሰፈር የሠሩ፣ እንግሊዝኛው ይፈሳቸዋል። ሁለተኛው ባሻ ደምሴ ናቸው፤ የድሮ ወታደር፣ የተጣላ ሰው ሲያጡ የሚያማቸው። ሦስተኛው ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። ሽማግሌ የሆነው መኪና ስላለው ነው።

ረቡዕ ከሥራ መልስ መጡ። እኔ በአጋጣሚ ብርቅነሽ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጥኩ ነበርኩ። ሽንኩርቱ አንድ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ደንቡን አላጎደሉም። ሦስቱም ሳሎኑ መሀል ቆሙ።

"ቁጭ በሉ እንጂ" አሉ ጋሼ።

"እሺ ካላልከን አንቀመጥም" አሉ አቦይ ገብረመድኅን።

"ምኑን?"

አቦይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕድሜ ጸጋ ነው አሉ። ለሁሉም ጊዜ አለው አሉ። ባሻ ደምሴ እዚህ ላይ አላስቻላቸውም፤ "ባጭሩ ኳሱን ተወው ነው የምንልህ" ብለው ጨረሱት። እኔም ቢላዬን አስቀመጥኩ።

ጋሼ ተሰማ አልተቆጡም። ቀስ ብለው፣ "ክሪኬት አይታችሁ ታውቃላችሁ?" አሉ።

"አላየንም።"

"ታዲያ ያላያችሁትን እንዴት ትፈርዳላችሁ? እሁድ ሳን ሆዜ መጥታችሁ እዩ። አይታችሁ ያላችሁትን እሺ እላለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ፍርድ ያለው ነገር ነው። ተቀመጡና ያበሰልንላቸውን በሉ። እኔ ግን ልቤ አልተቀመጠም።

እሁድ ከቅዳሴ እንደወጣን በታክሲው ሳን ሆዜ ወረድን። ሦስቱ ሽማግሌዎች በሙሉ ልብስ ናቸው፤ አቦይ ጃንጥላ፣ ባሻ ከዘራ ይዘዋል። እኔና ብርቅነሽ ከኋላ በነጠላችን። ሜዳው ዳር ዛፍ ሥር ወንበር ዘረጉልን። የነሱሬሽ ተጋጣሚዎች ቀድመው መትተው ነጥባቸውን ሰብስበው ጨርሰዋል፤ አሁን ተራው የኛዎቹ ነው።

ልጆቹ ሁሉም እንደ ሱሬሽ ኢንጂነር ናቸው፤ የመጀመሪያው ገባ። አንዴ አርቆ መታ፣ ሁለተኛዋ ተቀለበችበት፣ ወጣ። ሁለተኛው ገባ፣ እንጨቱ ተመታበት፣ ወጣ። ሦስተኛውም ብዙ አልቆየ። "እነዚህ ናቸው እሱን አርጅቷል የሚሉ?" አሉ ባሻ።

ከዚያ ጋሼ ተሰማ ገቡ። እግራቸው ላይ ትራስ የመሰለ ነገር ታስሯል፤ ቀስ ብለው እንደ ቄስ እየተራመዱ ሄደው እንጨቱ ፊት ቆሙ። ኳስ መጣች። ዱላቸውን ፊታቸው ደገን አደረጉ። ቱክ። ኳሷ እግራቸው ሥር ወደቀች። አልሮጡም። ሌላ መጣች። ቱክ። ሌላ። ቱክ። በወዲያ በኩል፣ ሌላ ሦስት እንጨት በተተከለበት፣ ልጆቹ እየተፈራረቁ ገብተው ይወጣሉ፤ ጋሼ ቆመዋል። ፀሐዩ ከዛፉ አልፎ እኛን ያዘን፤ ጋሼ ቆመዋል።

አቦይ ገብረመድኅን ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ "ይህ ሰው ግንብ ነው" አሉ።

"ምሽግ እንዲህ ነው የሚያዝ!" አሉ ባሻ። "ካፒቴን ተብዬውን እዩት፣ ገርሞት ራሱን ይዟል።"

ሱሬሽ እውነትም ራሱን ይዟል። በሁለት እጁ። ተጋጣሚዎቹ ደግሞ ጋሼ አንዲቷን በተከላከሉ ቁጥር ያጨበጭባሉ፣ ይስቃሉ። "ጠላት እንኳ ሲያጨበጭብለት!" አሉ አቦይ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አጠገቤ የተቀመጠችው የአንዱ ኢንጂነር ሚስት ናት ነገሩን ያስረዳችኝ። ለካ ኳሱ የተቆጠረ ነው። ለያንዳንዱ ወገን ይህን ያህል ኳስ ተብሎ የተመደበ ነው። ስትቆም ብትውል ነጥብ ካላመጣህ ኳሱን በላኸው ማለት ነው። ጋሼ ተሰማ ደግሞ ይበላሉ። አንድ በአንድ፣ አላምጠው፣ በትዕግሥት። ይህን ለሽማግሌዎቹ ልነግራቸው ዞር ስል ሦስቱም ቆመው ነበር። ማን ይሰማኛል?

ኳሱ ሲያልቅ ጋሼ ሳይወጡ ቀሩ። ነጥባቸው ዘጠኝ ነው። ወገኖቻቸው በሃያ ምናምን ነጥብ ተሸነፉ። ሽማግሌዎቹ ያሸነፍን መስሏቸው እልል በሉ አሉን። ብርቅነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛለች፤ መሳቋ ይሁን ማልቀሷ አልለየኝም።

ሻይ ቀረበ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ነገር ሳይፈታ እህል አንቀምስም አሉ። ሱሬሽንና ጋሼን ዛፉ ሥር ጠርተው አቆሟቸው። ጋሼ እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ላይ አድርገው አንድ ነገር ሊናገሩ ሲጀምሩ አቦይ በእጃቸው አስቆሟቸው። "አንተ ቆይ፣ አንተ ተበዳይ ነህ።" ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩና በዚያ በጦር ሰፈር እንግሊዝኛቸው አወረዱለት። ይህ ሰው ምሰሶ ነው አሉት። ሌሎቹ እንደ ዝንብ ሲረግፉ በዓይናችን አየን አሉት። ምሰሶ ነቅሎ ቤት የሚያቆም የለም፣ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ስሙን ከመዝገብ እንዳታወጣ አሉት። በመጨረሻም በአማርኛ፣ "አንተም ተው፣ አንተም ተው" ብለው ዘጉት።

ልጁ ምን ይበል? ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ጃንጥላና ከዘራ የያዙ ሦስት ሽማግሌዎች ፊቱ ቆመዋል። በሱ አገር ደግሞ ታላቅ ሰው ፊት የቆመ ልጅ ጎንበስ ብሎ እግር ይነካል፤ ሰላምታቸው ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ጎንበስ አለና ያቦይን እግር ነካ። ከዚያ የባሻን። ከዚያ የታክሲ ነጂውን።

በኛ ዘንድ ጥፋተኛ እግር ላይ ሲወድቅ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

"ታረቁ!" አሉ ባሻ፤ ልጁን ቀና አድርገው ከጋሼ ጋር አሳሳሟቸው። አቦይ መረቁ። ሱሬሽ ፊቱ እንደ ጭቃ ሆኖ ሄደና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ሻይ ላይ ስም ሲያነብ የመጀመሪያው የጋሼ ተሰማ ነበር።

ስንመለስ እኔ ከነጋሼ ጋር ሆንኩ። የምትነዳው ብርቅነሽ ናት፣ ዓይናቸውን ስለምታውቅ። ፍሪዌይ ላይ ገባን። ከዚያ ጋሼ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

"ይኸውልሽ አንቺ ዘነቡ" አሉኝ። "ሻይ ላይ ላነበው የነበረ ንግግር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ነው የጻፍኩት።"

"ምን ይላል ጋሼ?"

"ኳሷን ካየኋት ቆይቷል፤ አሁን የምጫወተው በድምጿ ነው። ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ፣ በቃኝ፣ ይላል።"

ብርቅነሽ ፍሬን ያዘች። ከኋላችን ያለው መኪና ክላክሱን ለቀቀብን።

"ታዲያ ረቡዕ ዕለት ሽማግሌ ሲመጣልህ ለምን እሺ አላልክም?" ብላ ጮኸች።

ጋሼ ዞረው እንደ ሞኝ አዩን። "ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ ይባላል እንዴ? ልጅ የሚያገባ እንኳ 'እናስብበት፣ ተመለሱ' ነው የሚባለው። እኔ ወጉን ነው ያደረስኩ። ዓርብ ተመልሰው ይለምኑኛል፣ ያኔ እሺ እላቸዋለሁ፣ እሁድ በክብር እሰናበታለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ እናንተ ጃንጥላ ይዛችሁ ሳን ሆዜ መጣችሁ!"

"አሁንም እኮ ይቻላል" አልኩ። "ለልጁ ኮል አድርገው..."

"የሽማግሌ ፍርድ ልሻር? ያውም አይታችሁ ያላችሁትን እሺ እላለሁ ብዬ ከአፌ ወጥቶ?"

ወረቀቱን አጥፈው መለሱት።

እንግዲህ ይህ የመስከረሙ ነው። አሁን ግንቦት ሆኗል፣ ጨዋታውም እንደገና ተጀምሯል። ባለፈው እሁድ ብርቅነሽ በሬን ደበደበች። የጋሼ ግራ ጉልበት እንደ ሐብሐብ አብጧል፤ እሳቸው ግን ነጭ በነጭ ለብሰው ሳን ሆዜ ሄደዋል። "በይ ያመጣሽውን አንቺው መልሺው፤ ያን ፍርድ የሚሽር ሽማግሌ ላኪ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ወዲያው ለአቦይ ገብረመድኅን ቤት ደወልኩ። ሚስታቸው አነሡ። የሉም፣ እሁድ እሁድ ሳን ሆዜ ነው የሚውሉት አሉኝ። ባሻ ደምሴስ ብላቸው፣ ባሻም እዚያው ናቸው። የወታደር ዓይን አለኝ፣ እኔም ልግባ ብለው ሱሬሽ ላይ ሽማግሌ ልከዋል።

የተላኩት ሽማግሌ ጋሼ ተሰማ ናቸው።